ጥላው ሲዞር

መተማ ዮሐንስ በሠራሁባቸው ሦስት ዓመታት የቀኑን አካሄድ የምለካው በሰዓት ሳይሆን ሻይ አፍልታ በምትሸጥ አንዲት ሴት ወንበሮች ነበር። ከባንካችን ፊት ለፊት ባለው ረጅም የቆርቆሮ መጋዘን ሥር ማንቆርቆሪያዋንና ብርጭቆዎቿን ዘርግታ ትውላለች። ጠዋት ጠዋት መጋዘኑ ጥላውን ወደ ምዕራብ፣ ወደ ሱዳን በኩል ይጥላልና እርሷም ደንበኞቿም በዚያ በኩል ይቀመጣሉ። ቀትር ላይ ጥላ የሚባል ነገር አይገኝም፤ ሰውም ፍየልም ከግድግዳው ላይ ተለጥፎ ይቆያል። ፀሐይ ሲያዘነብል ወንበሮቿን አንድ በአንድ እያነሣች ወደ ምሥራቁ ጎን ታዞራለች። ጠዋት ማንም ሊረግጠው ያልደፈረው ስፍራ ከዘጠኝ ሰዓት በኋላ የሰፈሩ ምርጥ መቀመጫ ይሆናል። ግድግዳው ግን ያው አንድ ግድግዳ ነው።

ዪን እና ያንግ የሚባሉትን ሁለት የቻይና ቃላት በመጽሐፍ ካነበብኋቸው ዓመታት ቢቆጠሩም በቅጡ የገቡኝ እዚያች ሻይ ሻጭ ዘንድ ነው። ብዙ ሰው እንደሚገምተው ክፉና ደግ፣ ሰይጣንና መልአክ ማለት አይደሉም። ከጥንት ትርጉማቸው ብንነሣ ዪን የኮረብታ ጥላማ ጎን፣ ያንግ ደግሞ ፀሐይ የሚያርፍበት ጎን ነው። ኮረብታው አንድ ነው፤ ፀሐይ ስትዞር ጥላማው ይበራል፣ የበራው ይጠላል። ብርድና ሙቀት፣ ዝቅታና ከፍታ፣ ዕረፍትና ሥራ፣ ሴትነትና ወንድነት ሁሉ ከዚህ ከኮረብታው ምሳሌ እየተመዘዙ ወጡ። አንዱ ሌላውን አሸንፎ አይጨርሰውም፤ አንዱ ከዳር ሲደርስ ወደ ሌላው መዞር ይጀምራል። ዛሬ በየካኔቴራውና በየአንገት ሐብሉ ላይ የምናየው፣ በጥቁሩ ውስጥ ነጭ በነጩ ውስጥ ጥቁር ነጥብ ያለበት ክብ፣ ከሐሳቡ ብዙ ዘመን ዘግይቶ የተሣለ ነው። እኔ እንኳ ከክቡ ይልቅ ኮረብታው ይሻለኛል። ክቡ ሁሉም ነገር እኩል ለእኩል ተከፍሎ ያለቀ ያስመስለዋል፤ ኮረብታው ላይ ግን ጥላና ብርሃን እኩል የሚሆኑበት ቅጽበት ከመድረሱ ያልፋል።

ወደ መተማ የወረድሁት ተገድጄ ነው። ትውልዴ ዳባት ነው፤ በጥቅምት ውርጭ ጋቢ ተደርቦ የሚታደርበት ሀገር። የመጀመሪያ ዲግሪዬን በአካውንቲንግ ይዤ ባንክ ስቀጠር ጎንደር ከተማ ውስጥ መስኮት ይዤ የምቀመጥ መስሎኝ ነበር። የዝውውሩ ደብዳቤ በደረሰኝ ዕለት እናቴ የሞተ ሰው እንዳለባት ነጠላዋን አዘቀዘቀች። «ልጄን ለወባ ሰጠሁት» አለች። ለደገኛ ቆላ መውረድ ማለት ይኸው ነው፤ ወባ፣ ካላዛር፣ እባብ፣ ሐሩር። ለሥራ የወረደ ካለ ሰሊጡን ሰብስቦ፣ ብሩን ቋጥሮ፣ ሳይታመም መመለስ እንጂ መኖር አያስብም። እኔም እንደዚያው ነበርሁ። በመጀመሪያው ወር፣ ላቤ ወረቀቱን እያራሰው፣ በአንድ የባንክ ቅጽ ጀርባ ላይ ይህችን ሁለት ስንኝ ጻፍሁ፦

እኔ የደጋ ልጅ ብርዱ ያሳደገኝ፣
የመተማ ፀሐይ ሳያበስለኝ ቆላኝ።

ቤት አመታቷ ደካማ እንደሆነ አውቃለሁ፤ እንዳትስቁብኝ። ያን ጊዜ ግን በ«ቆላኝ» ላይ ያገኘኋት ኅብር አኩርታኝ ነበር። ሰሙ ፀሐዩ እንደ ቡና ቆላኝ ነው፤ ወርቁ ቆለኛ አደረገኝ። ቆይቼ ሳስበው ግን ለሰምና ወርቅ ያደግነው ሰዎች የቻይኖቹን ሐሳብ ለመረዳት የምንቸገርበት ምክንያት እዚህ ላይ ያለ መሰለኝ። በእኛ ቅኔ ሁለቱ ፍቺዎች እኩል አይደሉም። ሰሙ ቀልጦ ይፈስሳል፣ ወርቁ ይቀራል፤ ሰሙ የሚሠራው ሊጣል ነው። እኔም ደጋን ወርቅ፣ ቆላን ሰም አድርጌ ነበር የወረድሁት። ዪን እና ያንግ ውስጥ የሚጣል ሰም የለም። እንዲያውም ላኦ ዙ የጻፈው ነው የሚባለው መጽሐፍ የሚያዳላው ለዝቅተኛው ነው፤ ውሃን የሚያመሰግናት ሰው የሚንቀውን ዝቅተኛ ስፍራ ስለምትመርጥ፣ ባሕርንም የሸለቆዎች ሁሉ ንጉሥ የሚያደርገው ከሁሉም በታች ስለተኛ ነው። ከጭልጋና ከአካባቢው ከፍታዎች የሚነሣው ጓንግ ቁልቁል ወርዶ ሱዳን ሲገባ አትባራ ተብሎ ከዓባይ ጋር ይገናኛል። በክረምት ያን ደፍራሽ ውሃ ቆሜ ስመለከት የሚያልፈው አፈር የሰሜን ደገኞች ማሳ፣ ምናልባትም የዘመዶቼ ማሳ እንደሆነ አስብ ነበር። ለካ ከእኔ በፊት ብዙ የደጋ ሀብት ቆላ ወርዷል!

መጽሐፉን ያገኘሁት ለሥልጠና አዲስ አበባ በሄድሁ ጊዜ አራት ኪሎ አካባቢ ካለ አሮጌ መጻሕፍት ሻጭ ነው። ሽፋኑ የተቀደደ የእንግሊዝኛ ትርጉም፤ 81 አጫጭር ምዕራፎች፣ በቻይንኛ አምስት ሺህ ያህል ፊደላት ብቻ። ዪን እና ያንግ በስም የሚጠሩት በ42ኛው ምዕራፍ ላይ አንድ ጊዜ ነው፤ የተቃራኒዎች መመላለስ ግን ከዳር እስከ ዳር ይፈስስበታል። እንዴት እንደተጻፈ የሚተረከውን ሳነብ ደግሞ ሳቄን መቆጣጠር አቃተኝ። ከክርስቶስ ልደት በፊት በመቶኛው ዓመት ገደማ የጻፈው የታሪክ ጸሐፊ ሲማ ቺየን እንደሚለው ላኦ ዙ በዡ መንግሥት የመዛግብት ጠባቂ ነበር፤ በዘመናችን አነጋገር የጽሕፈት ቤት ሠራተኛ። መንግሥቱ እየዘቀጠ ሲሄድ አይቶ ሥራውን ትቶ ወደ ምዕራብ አቀና። ከኬላው ሲደርስ ዪን ሺ የተባለ የበር ሹም አገኘውና ከመሄድህ በፊት የምታውቀውን ጻፍልኝ አለው። ጻፈለት፤ አለፈ፤ ወዴት እንደደረሰ ማንም አላወቀም። ላኦ ዙ የሚባል አንድ ሰው በእርግጥ መኖሩን የሚጠራጠሩ ሊቃውንት ብዙ ናቸው። ቢሆንም በምዕራብ ኬላ ለሚኖር የባንክ ጸሐፊ ከዚህ የበለጠ የሚያጽናና ተረት ከየት ይገኛል? እስቲ አስቡት፤ ያ መጽሐፍ የተወለደው አንድ የኬላ ሹም መንገደኛን አስቁሞ ስለጠየቀ ነው። እኛ ጋ ኬላ ላይ የሚጠየቀው ሌላ ነው።

የመተማ ኬላ ከሌላው ዓለም ኬላ ብዙም የተለየ አይደለም። ከወዲህ መተማ ዮሐንስ፣ ከወዲያ ገላባት፣ በመካከላቸው በበጋ የሚደርቅ ጅረት። ግንቦት 7 ቀን 1894 ዓ.ም. ዳግማዊ ምኒልክ ከእንግሊዝ ጋር የተፈራረሙት ውል አንዱን የገበያ ስፍራ ለሁለት ከፈለው። ከዚያ ወዲህ በዚያ ማዶ ዓርብ ይታረፋል፣ በዚህ ማዶ እሑድ። ገበያው ግን ለሁለት አልተከፈለም፤ ከወዲህ ማዶ ዐረብኛ የማይሞክር ነጋዴ፣ ከወዲያ ማዶ አማርኛ የማይቀላቅል ደላላ አላጋጠመኝም። ሁለቱ ከተሞች አንዳቸው በሌላቸው ውስጥ ነጥብ አላቸው።

ነገር ግን ስለ ተቃራኒዎች መዞር በመተማ ላይ ሆኖ መናገር ቀላል አይደለም። ከተማዋ ስሙን የተሸከመችለት ንጉሠ ነገሥት የወደቀው እዚሁ ነው። በጥር ወር 1880 ዓ.ም. ደርቡሾች ንጉሥ ተክለ ሃይማኖትን ሣር ውሃ ላይ ድል አድርገው ጎንደር ገቡ፤ አብያተ ክርስቲያናቱን አቃጠሉ። በምሥራቅ ጣሊያን ምጽዋን ይዟል፤ አፄ ዮሐንስ ከሁለቱ አንዱን መምረጥ ነበረባቸውና ወደ ምዕራብ ዞሩ። መጋቢት 1 ቀን 1881 ዓ.ም. ሠራዊታቸው የደርቡሽን አጥር ጥሶ ገባ። ድሉ በእጅ ገብቶ ነበር። በዚያው ሰዓት አንዲት ጥይት ንጉሡን አገኘቻቸው፤ ወሬው በሠራዊቱ መካከል ሲሰማ አሸናፊው ተበተነ። አስከሬናቸውን ይዘው የሚመለሱትንም ደርቡሾች ደረሱባቸውና የንጉሡ ራስ ኦምዱርማን ተወሰደ። ያን ድል ያከበረችው የኸሊፋው መንግሥት ራሷ ዐሥር ዓመት ሳይሞላ በእንግሊዝ መድፍ ኦምዱርማን ደጃፍ ላይ ፈረሰች። ታኦን ላይ ላዩን ያነበበ ሰው «ይኸው፣ ከዳር የደረሰ ይዞራል» ብሎ ሊያጨበጭብ ይችላል። እኔ ግን የዚያን መጽሐፍ ደራሲ ያከበርሁት በሌላ ስፍራው ነው፤ በጦርነት ድል ያደረገ ሰው ድሉን በለቅሶ ሥርዓት ይቀበል ይላል። መተማ ላይ በሁለቱም ወገን ማንም እንዲህ አላደረገም።

አሁን ወደ ራሴ ጉዳይ ልመለስ።

የባንክ ሰው ሚዛን ሲባል የሚያስበው ዴቢትና ክሬዲትን ነው። ጣሊያናዊው መነኩሴ ሉካ ፓቾሊ በ1494 እ.ኤ.አ. ቬኒስ ላይ ባሳተመው መጽሐፍ ያብራራው ዘዴ ዛሬም አልተለወጠም፤ በግራ የተጻፈ ሁሉ በቀኝ አቻውን ይፈልጋል። ማታ ማታ ሒሳብ ሲዘጋ ልዩነቱ ዜሮ ከሆነ ወደ ቤትህ ትሄዳለህ። ጉድለት ከተገኘ ከኪስህ ትከፍላለህ። ብልጫ ከተገኘ ደግሞ ለብቻው በተከፈተ ሒሳብ ላይ ይመዘገብና እንደገና ዜሮ ይመጣል።

ኅዳር 2015 ዓ.ም. የሰሊጥ አጨዳ ሰሞን ነበር። ሰሊጥ ትዕግሥት የሌለው እህል ነው፤ ቀድመው ካጨዱት ፍሬው አይሞላም፣ ከዘገዩ ደግሞ ዘለላው ይፈነዳና ፍሬው መሬት ላይ ይረግፋል። በእነዚያ ጥቂት ቀናት ከበለሳ፣ ከደምቢያ፣ ከጎጃም የሚወርደው የቀን ሠራተኛ ከተማውን ያጥለቀልቀዋል፤ ሥራው ሲያልቅ ደግሞ ደመወዙን ይዞ በአንድ ጊዜ ይሄዳል። በአንድ ዓርብ ከሰዓት በኋላ መብራት ጠፍቶ፣ የብር መቁጠሪያው ማሽን ቆሞ፣ መስኮቴ በሰው ተጨንቆ እያለ ሒሳቡን እንደምንም ዘጋሁ። ዐሥር ሺህ ብር በልጦ ተገኘ። አንድ እሽግ የመቶ ብር ኖት ከጠረጴዛዬ ሥር ቀርታለች።

ሥራ አስኪያጁ አልተቆጣም። «ብልጫ ነው፣ ምን ያስጨንቅሃል? መዝግበው፤ ባለቤቱ ከመጣ ይከፈለዋል» አለኝ። መዘገብሁት። ግራና ቀኙ ተካከለ፤ ዜሮ። ሌሊቱን ግን ዓይኔ አልተከደነም። ብልጫ ማለት እኮ የሌላ ሰው ጉድለት ነው። የእኔ መዝገብ ሚዛኑን ያገኘው ያ ሌላው ሰው ከመዝገቡ ውጪ ስለሆነ ብቻ ነው። በእጁ ገንዘብ የወሰደውን ሰው ሁሉ በሐሳቤ ስደግም ሁለት እሽግ የሚያሰጥ ክፍያ ሁለት ብቻ አገኘሁ። አንደኛው ነጋዴ ነው፤ ፊቴ ቆሞ አንድ በአንድ ቆጥሯል። ሁለተኛው በአውራ ጣታቸው የፈረሙ የበለሳ አባት ናቸው፤ የእርሳቸውንና የሦስት ጎረምሶችን የአጨዳ ዋጋ፣ 26 ሺህ ብር፣ በአንድ ቼክ የወሰዱ። ሳይቆጥሩ በፎጣ ጠቅልለው ወገባቸው ላይ ሲያስሩ አይቻቸዋለሁ።

ቅዳሜ ገና ሳይነጋ መናኸሪያ ወረድሁ። አይሱዙ ላይ ሊሳፈሩ ሲሉ ደረስሁባቸው። እኔን ሲያዩ መጀመሪያ ያደረጉት ወገባቸውን በሁለት እጃቸው መያዝ ነበር። ብር በልጦ ሰጥቻቸው ልቀበል የመጣሁ መስሏቸዋል።

«አባቴ፣ ገንዘቡን ይቁጠሩት» አልኋቸው።

«ምን አጠፋን፣ የኔ ጌታ?»

«ምንም አላጠፋችሁም። ብቻ ይቁጠሩት።»

ከጎረምሶቹ አንዱ ፎጣውን ፈትቶ ቆጠረ። 16 ሺህ። እንደገና ቆጠረ። ከዚያ ሦስቱም ቀና ብለው ሽማግሌውን አዩአቸው። ሌሊቱን ገንዘቡ የት ነበር? ማን ወገብ ላይ አደረ? ማንም አልተናገረም፤ ዓይናቸው ግን ጠየቀ። መናገር የነበረብኝ እዚያው ላይ ነበር። እኔ ግን አንድ ሁለት ትንፋሽ ያህል ዝም አልሁ። ፈርቼ ነው፤ በመናኸሪያ ሕዝብ ፊት «የቆጠርሁት እኔ ነኝ፣ የተሳሳትሁት እኔ ነኝ» ማለት ከበደኝ። እስከ ዛሬ የምቆጥራቸው እነዚያን ትንፋሾች ነው።

«ጥፋቱ የእኔ ነው፤ ዐሥሩ ሺህ ባንክ ውስጥ ነው ያለው» አልሁ በመጨረሻ።

ሽማግሌው አላመሰገኑኝም። መሬት ላይ ቁጭ አሉ። ቆየት ብለው «ልጄ፣ አንቺ ባትመጪ እነዚህ ሀገራችን ሲደርሱ ሌባ ይሉኝ ነበር» አሉ፤ በእናት ወግ እንደ ሴት ልጅ እየጠሩኝ። «የአንዱ አባት የጡት ልጄ ነው።» መኪናው ትቷቸው ሄደ። ባንኩ እስኪከፈት ሻይ ሻጯ ዘንድ፣ በምዕራቡ ጥላ፣ አብረን ተቀመጥን። ጎረምሶቹ የሽማግሌውን ዓይን ሽሽት ብርጭቆአቸውን ያያሉ። ገንዘቡን ከፈልሁ፣ የዓርቡን ምዝገባ ሰረዝሁ፣ ልዩነቱ ዜሮ መጣ። ዓርብም ዜሮ፣ ቅዳሜም ዜሮ። መዝገቡ ሁለቱን ዜሮዎች አይለያቸውም።

ከዚህ በኋላ ስለ ተቃራኒዎች ሚዛን ብዙ የተረዳሁ መስሎኝ መጻፍ ጀመርሁ። ጨለማ ብርሃንን ስለመውለዱ፣ ማጣት ማግኘትን ስለመጥራቱ ረጅም ግጥም ጀምሬ ነበር። ስምንት አንጓ ደርሷል። ሚያዝያ 7 ቀን 2015 ዓ.ም. ካርቱም ላይ ጦርነቱ ፈነዳ። በጥቂት ቀናት ውስጥ ኬላው በሰው ተሞላ፤ ሱዳናውያን ከነቤተሰባቸው፣ ለዓመታት እዚያ የኖሩ ኢትዮጵያውያን፣ የማላውቀው ሀገር ፓስፖርት የያዙ ሰዎች። አንዲት የእኔ ዕድሜ የምትሆን ሴት መስኮቴ ላይ ቆመች። ካርቱም ውስጥ ሻይ እየሸጠች ሰባት ዓመት ቆይታለች። ሰባቱ ዓመት በአንድ ጥቁር ፌስታል ውስጥ ነው፤ የሱዳን ገንዘብ። በእኔ መስኮት የሚመነዘር አልነበረም። ነገርኋት።

«ታዲያ ይሄ አሁን ወረቀት ነው?» አለችኝ።

ስምንቱ አንጓ በጭንቅላቴ ውስጥ ነበር። አንዱንም ልናገረው አልቻልሁም። ፀሐይ ይዞራል፣ ጥላማው ይበራል ብሎ ለዚያች ሴት መናገር ነውር ሆኖ ታየኝ። ኮረብታው ራሱ አይናገርም፤ ላኦ ዙም ተጠይቆ ነው የጻፈው። ማታ ግጥሙን ቀደድሁት፤ ሐሳቡ ሐሰት ሆኖ ሳይሆን የምናገርበት ቦታ ከጥላው በኩል ስለነበረ። ፀሐይ የሚመታው ሰው ራሱ ቢለው ሌላ ነገር ነው።

ያን ቀን ማድረግ የቻልሁት በምሳ ሰዓት ወጥቼ ሻይ ሻጯ ዘንድ ማስቀመጥ ብቻ ነበር። የሙያ ጓደኛሞች ናቸውና ወዲያው ስለ ስኳርና ስለ ከሰል ዋጋ ማውራት ጀመሩ። ቀትር አልፎ ወንበሮቹ ወደ ምሥራቁ ጎን እየዞሩ ነበር። እንግዳዋ የራሷን ወንበር ራሷ አንሥታ ተሻገረች፤ ከግድግዳው ተደግፋ የራስዋን መሸፈኛ ፈታች። እኔ በቅጽ ጥራዝ ፊቴን አራግባለሁ፤ ሸሚዜ ከጀርባዬ ተጣብቋል። እርሷ ዓይኗን ጨፍና አገጯን ወደ ላይ ቀና አደረገች።

«እዚህስ ነፋስ አለ» አለች።